ይመር ሰይድን አዝሎ የዘለለበት ገደል

ከየመን ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ከጂዛን በላይ ያለውን የድንበር ኮረብታ ስንወጣ አሥራ አንድ ነበርን። እኔ፣ ሰይድና አሥር አለቃ ይመር አገር ቤት በአንድ የአየር ወለድ ሻለቃ ያገለገልን ነን። ስምንቱ የወሎ ገበሬዎች ነበሩ። መሣሪያ የያዘ አልነበረም። ወታደር ነበርን ስላልኩ ግራ እንዳይገባችሁ፣ ልጆች፤ የከፋውን ተኩስ ያየሁት በውትድርናዬ ዘመን ሳይሆን ባዶ እጄን በሄድኩበት በዚያ ጠዋት ነው።

የመናዊው አሻጋሪ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ «ያላ» ብሎ አስነሣን። እሱ ከኋላ ቀረ። ይመር አራርቆ አሰለፈን።

ሁለት ሰዓት ላይ ከማዶ ሸንተረር ተተኮሰብን። ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከፊት የነበሩት አራት ገበሬዎች እዚያው ቀሩ። ሰይድ ጭኑን ተመታ። መመለሻ አልነበረንም። ከፊታችን ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ ገደል፣ ከሥሩ የደረቀ ወንዝ ነበር።

ይመር በሆዱ ተኝቶ፣ እኛን በአየር ወለድ ወራት የፈጀብንን የዝላይ ትምህርት ለገበሬዎቹ በጥቂት ቃል ነገራቸው። እግራችሁን ግጠሙ፤ ጉልበታችሁ ትንሽ ይታጠፍ፤ በተረከዝ አትረፉ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ይቀበለው፣ የተረፈውን ጉልበት፣ ከዚያ ዳሌ፤ ወዲያው ወደ ጎን ውደቁ።

«እግሩን የገተረ ይሰበራል» አለ።

ሦስቱ እንዳላቸው አድርገው ዘለሉ፤ ተነሥተው ሮጡ። አራተኛው፣ ሐሰን፣ መሬቱ ሲቀርበው ፈርቶ እግሩን ገተረ። የቅልጥሙ አጥንት ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ጮኸ። ጥይት አገኘውና ዝም አለ።

ተኩሱ ጋብ ሲል እኔ ዘለልኩ። ይመር ሰይድን አዝሎ ተከተለኝ። የሁለት ሰው ክብደት ለአንድ ሰው ጉልበት እንደማይሆን ከሁላችንም በላይ ያውቅ ነበር። እግሩን ገጥሞ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ እንዳስተማረን አድርጎ አረፈ። ሁለቱም ጉልበቶቹ ተሰበሩ። ድምፁን ሰማሁት። ሰይድ ጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ አርፎ ሞተ።

ይመርን ጎትቼ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ አስገባሁት። እግሮቹ እንደ ሌላ ሰው እግር ከኋላው ይጎተቱ ነበር። ስለ ሰይድ ጠየቀኝ። ሌሎቹ ይዘውት ሄደዋል አልኩት። አመነኝ መሰለኝ። ልሸከመው ብሞክር አንድ እርምጃ ሳልራመድ ከሕመሙ የተነሣ ራሱን ሳተ። ሲነቃ ከወገቡ የውሃ ላስቲኩን ፈትቶ ሰጠኝ።

«ኸላስ፣ በቃ። ይዘህ ሂድ» አለኝ።

አንድ ጊዜ እንኳ እንቢ አላልኩም። ተቀብዬ ሄድኩ። ከሦስቱ ገበሬዎች ጋር ስገናኝ ውሃውን አብረን ጨረስነው። የማን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ዛሬ ሳዑዲ ውስጥ፣ ዳማድ በምትባል ከተማ፣ የሰው ፍየል እጠብቃለሁ። በዚያ መንገድ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለዚያ ቋጥኝ እጠይቃለሁ። አየሁ ያለኝ የለም።

ከአሥራ አንዳችን ስድስቱ ሲሞቱ ዓይኔ አይቷል። ይመር ሲሞት አላየሁም። ስንት ሞቱ ብላችሁ ስትጠይቁኝ ግን ሰባት እላለሁ። በዚያ ፀሐይ ውሃውን የወሰድኩበት እኔ ነኝና።