አናጢው የገጠመው የናፍጣ ሞተር

አናጢው ጀምሮ መጨረስ እንደማይሆንለት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የሰው ሥራ ማለቴ አይደለም። የሰው በርና ቁም ሣጥን በቀጠሮው ያደርሳል፣ ምላጭ የማያስገባ አድርጎ ይገጥማል። እጁ የሚታሰረው ለራሱ ቤት ሲሆን ነው። የገዛ ጓዳው በር እስካሁን መጋረጃ ነው። ሚስቱ እንግዳ ሲመጣ "ባለቤቴ አናጢ ነው" ማለት ከተወች ቆይታለች።

እና አንድ ቀን ቁርስ ላይ "ለአባትሽ ፒካፕ የናፍጣ ሞተር ልገጥምላት ነው" ሲላት፣ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችው።

"አንተ?"

"እኔና ወንድምሽ።"

"ጉድ ፈላ! አንዱ ጀምሮ የማይጨርስ፣ አንዱ ከነጭራሹ የማይጀምር!"

ቀልድ ቢመስልም ቀልድ አልነበረም። ያቺ አሮጌ ፒካፕ አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ችግኝ ያመላለሱባት ናት። እሷም ሙያውን ከሳቸው ወርሳ ችግኝ እያፈላች ትሸጣለች። የቤንዚን ሞተሩ ነክሶ አልዞር ካለና መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ ወዲህ ግን መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ታሳድራለች። ሴትዮዋ አንዴ አልቅሳ ወጥቶላታል። እንደገና ተስፋ አድርጋ፣ እንደገና ማልቀስ አልፈለገችም። ስለዚህ ቁርጡን ነገረችው።

"በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ለአዛውንቶቹ መኖሪያ ቤት ችግኝ አስረክባለሁ። በሷ ካደረስከኝ ትቀመጥ። ካላደረስከኝ ብረት ገዢው መጥቶ ይጎትታት። ከዚያ በኋላ ስሟን እንዳታነሳብኝ!"

ታላቅ ወንድሟ እርሻ ለእርሻ እየዞረ የውሃ ፓምፕ የሚጠግን መካኒክ ነው። ሞተሩን ያገኘውም እሱ ነበር። ከተጣለ የመስኖ ፓምፕ ላይ የወረደ፣ ዕድሜው ከሁለቱም የሚበልጥ፣ የብረት በሬ የሚያህል ሞተር! ሆዱን መታ መታ እያደረገ "እኛ ሁላችን አልፈን ይሄ ይሠራል" ይላል።

ችግሩ ክብደቱ ነበር። ይገጥም እንደሆነ ለማየት በሰንሰለት እያነሱ ማስገባት፣ አልገጥም ሲል መልሶ ማውጣት ወገብ ይቆርጣል። አናጢው ጭንቅላቱን ሲያክ ቆየና "ለምን መጀመሪያ በእንጨት አልሠራውም?" አለ።

ሠራው! ከቁርጥራጭ ጣውላ፣ ቁመቱ የብረቱን ቁመት፣ ወርዱ ወርዱን የሚያህል፣ የጎኑ ጉብታ ሳይቀር፣ በአንድ እጅ ብድግ የሚል ሞተር። እሱን እያስገቡ እያወጡ ብረቱ የት እንደሚቆረጥ፣ የት እንደሚበየድ ምልክት አደረጉ። ጎረቤትየው በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ይስቃል።

"ነዳጁ ምንድን ነው ወዳጄ? ሰጋቱራ?"

"ሳቅ አንተ! ቅዳሜ አሳፍርሃለሁ" ይለዋል አናጢው።

እውነተኛው ሞተር የወረደ ዕለት ሰተት ብሎ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ሁለቱ ጎልማሶች ተቃቅፈው እንደ ሕፃን ዘለሉ። ሞተሩን ከድሮው ካምቢዮ ጋር የሚያገናኘውን ወፍራም ብረት ወንድምየው በየደ። ኮፈኖው ግን ትንሽ አልዘጋ አለ። መቆለፊያው ስለማይደርስ በቡሎን ጥርቅም አድርገው አሰሩት። "ለጊዜው ነው" አለ አናጢው። ሚስቱ በመስኮት ሰምታ "ኧረ እንዴታ! እንደ ጓዳው መጋረጃ" አለች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ጎረቤቱን ከነአጥሩ ጥቁር ጭስ አለበሰና ዱግ ዱግ ዱግ ማለት ጀመረ። ችግኙ ተጫነ። ሴትዮዋ ከኋላ ሲንገላቱ የሚሰበሩትን ለስላሳ ችግኞች በሣጥን ጭኗ ላይ ይዛ ጋቢና ገባች። መንገድ ላይ ያለውን ዳገት ሲጨርሱ፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳበስ፣ ከፊቷ ያለውን ዳሽቦርድ በመዳፏ ዳበሰች። አናጢው አየና እንዳላየ ሆነ።

የአዛውንቶቹ መኖሪያ በር ላይ ዘበኛው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሮጦ መጣ።

"ጋሼ፣ ያጥፉት! ከምሳ በኋላ እኮ ያርፋሉ!"

አናጢው ቁልፉን አዞረ። ዱግ ዱግ ዱግ።

"ጋሼ፣ ያጥፉ እንጂ!"

"አጥፍቻለሁ!" ቁልፉን ነቅሎ በመስኮት አሳየው።

"ታዲያ ማነው የሚጮኸው?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓምፕ ላይ ያለ ሞተር የሚጠፋው ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ እጀታ በእጅ በመጫን ነው። ወንድምየው ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው ይህንን ነው። አናጢው ደግሞ የመኪና ሞተር በቁልፍ እንደሚጠፋ ያውቃል። እንዲህ ያለ አሮጌ የናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሳ ግን ስለ ቁልፍ ግድ የለውም። ግቢ ውስጥ ሲሞክሩት አንዱ እጀታውን ሲጫን አንዱ ቁልፉን ያዞር ነበርና ሁለቱም "እኔ አጠፋሁት" ብለው አርፈዋል። የእንጨቱ ሞተር ደግሞ እጀታ አልተሠራለትም። ጣውላን ማጥፋት ለማን ትዝ ይለዋል!

ሴትዮዋ ስልክ ደወለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"ወንድም ጋሼ! ሞተሩ አልጠፋ አለ!"

"እጀታዋን ተጫኗት!"

"የት ናት?"

"ኮፈኖው ሥር... ወይኔ። አስረነዋል ለካ።"

"መፍቻው?" አለ አናጢው።

"እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ስማኝ። አራተኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሬኑን በደንብ ርገጥ፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ። ታንቆ ይጠፋል።"

"ብየዳህስ? ይችላል?"

"እሱን... እሱን እንግዲህ እናየዋለን።"

አናጢው ላብ አጠመቀው። ብየዳው ከተላቀቀ ሞተርም ካምቢዮም ማለቃቸው ነው። መኪናዋም ማታውኑ ብረት ገዢው ግቢ ትገባለች።

"ውረጂ" አላት ሚስቱን።

"አልወርድም። ይልቅ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ያዝ" አለችና ሣጥኗን አቀፈች።

ፍሪሲዮኑን ለቀቀው። መኪናዋ ወደፊት ተወረወረች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከሥር የሆነ ነገር ሲጥ አለ። ከዚያ እርጭ!

አናጢው የክት ልብሱን ረስቶ አስፋልቱ ላይ ተጋደመና ከሥሯ ገባ። ሚስቱ የምታየው እግሩን ብቻ ነበር። ጫማዎቹ መጀመሪያ አልተነቃነቁም። ቀጥሎ እንደ እስክስታ ይርገፈገፉ ጀመር።

"ይዟል!" የሚል ድምፅ መጣ። "ጭረት እንኳ የለውም! ይዟል አንቺ!"

በሩ ተከፈተና መኪናዋን ዘበኛው ጭምር ሆነው እየገፉ አስገቧት። በረንዳው ላይ አንዲት አሮጊት በከዘራቸው ተደግፈው ቆመው ነበር። ዘበኛው "ቀሰቀሱዎት አይደል እማማ?" ቢላቸው፣

"ምን ቀሰቀሱኝ! በሱ ድምፅ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ነው ያጠፋችሁብኝ" አሉት።

ችግኙን አንድ ቅጠል ሳይጎድል አስረከበች። የቀረው መነሳቱ ነው። አናጢው ቁልፉን ሲያስገባ ሚስቱ ሳታውቀው እጅጌውን ጨምድዳ ይዛ ነበር። ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። ሁለቱም እኩል "እፎይ!" አሉና እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ፤ እሷ እንባዋ እስኪመጣ። እንባዋን በሻሽዋ ጫፍ ጠርጋ ስልኳን አወጣች።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ስለ መኪናዋ ነበር። አይ፣ ዛሬ አትምጣ። ነገም አትምጣ" አለችው ብረት ገዢውን። "ምን አልክ? ጮክ ብለህ ተናገር እንጂ! መኪናዬ ውስጥ ነኝ!"