የጓሮው ዕጣ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት በጥር ወር፣ ገና ሳይነጋ ነው። የምሠራው የልጆች መማሪያ መጻሕፍት በሚዘጋጁበት ቢሮ ውስጥ ሲሆን፣ በቅርቡ የመሬት ቃላትን እንዳብራራ ታዝዤ ነበር፤ ማሳ፣ ጓሮ፣ መስክ፣ የወል መሬት፣ ጥማድ። ያደግሁት በቀበሌ ቤት ስለሆነ መሬት ማለት ለእኔ ሰው የሚካሰስበት ነገር ብቻ ነው። ከመዝገበ ቃላት ከምገለብጥ ባለቤቶቹን ልጠይቅ ብዬ የደብረ ማርቆስ ትኬት ቆረጥኩ። አለቃዬ «አንድ ገጽ ለማይሞላ ነገር ጎጃም ድረስ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አያ ደሴ ይባላሉ። አዲስ አበባ ያለች ልጃቸውን ጠይቀው መመለሳቸው ነው፤ ቤታቸው ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። የዓባይ በረሃ ሙቀት ጋቢያቸውን አስወለቃቸው፤ ደጀን ስንደርስ መልሰው ተከናነቡት። ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ አጨዳው አልቆ ገለባው ተከምሮበታል። እኔም ጥያቄዬን ጀመርኩ።

«አባባ፣ ያ ባዶው ምን ይባላል?»

«እሱ ጦም ያደረ ነው። ዘንድሮ ሳይዘራ ከረመ።»

«ያኛውስ፣ ከብቶቹ ያሉበት?»

«የወል ነው። የሁሉም ስለሆነ ማንም አያጥረው። ቢያጥረው ዝም የሚለው የለም።»

ጥማድ ሁለት በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሆኑን ሲነግሩኝ፣ «በሬው ሰነፍ ከሆነስ?» አልኳቸው። «እንግዲያው መሬቱ ብዙ ጥማድ ይሆናላ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሉማሜ ላይ ለሻይ ወረድን። ሻዩ ስኳር በዝቶበታል፤ ዳቦው ግን ትኩስ ነበር። እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል ስንባባል አስተናጋጇ ከሁለታችንም ግማሽ ግማሽ ተቀብላ ገላገለችን። አያ ደሴ የሚቸኩሉበትን ምክንያት የነገሩኝ እዚያ ነው። እናታቸው የሞተችባቸው እህትና ወንድም መሬት ሊካፈሉ ሽማግሌነት ጠርተዋቸዋል። «ቃል ከፈለግሽ ነይና ስሚ» አሉኝ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ሮብ ገበያ

ደብረ ማርቆስ አድረን በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ሮብ ገበያ ወጣን። ብርዱ ከከተማው ከወጣን በኋላ ብሶበታል። ከሮብ ገበያ ደግሞ በእግር ነው፤ የታጨደ የገብስ እርሻ፣ የድንች ማሳ፣ ከዚያ ዳገት። አያ ደሴ እየቀደሙኝ፣ እኔ በየድንጋዩ እየተቀመጥኩ ደረስን። ማረፊያዬ ተካፋይዋ እትዬ ብርቄ ቤት ሆነ። ባል የላትም፤ እናቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እሷ ናት፤ ስለዚህም ቤቱ ያለ ክርክር ለእሷ ተሰጥቷል። ድንች ቀቅላ በዳጣ አቀረበችልኝ። በረሃብም በድካምም ብዙ በላሁ።

ጠዋት ከቤቱ ጀርባ ያለውን ጓሮ አሳየችኝ። አፈሩ ጥቁር፣ እንደ ዱቄት የላላ ነው፤ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥግ ላይ ጌሾ አለው። «ሰው እበቱን ኩበት አድርጎ ይሸጠዋል፤ እኔ ስንት ዓመት እዚህ ላይ ስደፋው ኖሬያለሁ» አለች። ሰፊውን ማሳ ከወንድሟ ጋር በገመድ እኩል ከፍለውታል። የቀረው ይህ ጓሮና ከበላዩ ያለው ድንጋያማ ተዳፋት ነው። ጓሮው ቢቆረጥ ለሁለቱም የማይረባ በመሆኑ በዕጣ ይለያል። እሷ ጓሮውን ካጣች የጎመን ቅጠል እንኳን ከሰው ልትለምን ነው።

የአገሩ ዕጣ እንዲህ ነው። ሁለቱ ተካፋዮች በየፊናቸው አንዳች ምልክት፣ ቅጠል ይሁን ጠጠር፣ ተደብቀው ለሽማግሌው ይሰጣሉ። ምልክቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ባዕድ ሰው አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ይጥላል። ምልክትህ የወደቀበት ያንተ ነው። በዚያ ቀን ባዕድ ከተባለ ደግሞ ከእኔ በላይ ማን አለ?

አያ ደሴ ከመምጣታቸው በፊት እትዬ ብርቄ ከጌሾው አንዲት ጭራሮ ቀነጠሰች። ቀንጥሳም ቀና ብላ አየችኝ። ጣይዋ እኔ ነኝና ምልክቷን እንዳውቅላት መፈለጓ ገባኝ።

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ወንድሟ ሙሉነህ ራቅ ብሎ በዱላው ተደግፎ ቆሟል። አያ ደሴ መዳፋቸውን ሲዘረጉልኝ ጭራሮዋና አንዲት ነጭ ጠጠር አሉበት። ጭራሮዋን ጓሮው ላይ መጣል ነበር የምፈልገው፤ ከልቤ ነበር የምፈልገው። ያየሁትን ብናገር ደግሞ ሴትየዋን በአገር ፊት ማዋረድ ነው።

«አባባ፣ እኔ አልጥልም» አልኩ። «የእትዬ ብርቄን ድንች በልቻለሁ። ባዕድ አይደለሁም።»

አያ ደሴ ትንሽ አዩኝና፣ «እውነትሽን ነው፤ ማዕድ የቆረሰ ባዕድ አይባልም» አሉ። ከታች በመንገዱ በቅሎውን እየነዳ የሚያልፍ የጨው ነጋዴ ተጠርቶ መጣ። ሰውዬው ነገሩን በቅጡ ሳይሰማ ጠጠሩን ጓሮው ላይ፣ ጭራሮዋን ተዳፋቱ ላይ ጥሎ በቅሎውን ተከትሎ ሄደ።

ጓሮው የሙሉነህ ሆነ። እትዬ ብርቄ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ወደ ቤት ገባች። እኔ መሬት ብትከፈት በገባሁ።

ተከትያት ገብቼ «ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ምን አጠፋሽ?» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። «ያጠፋሁስ እኔ።»

ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ሙሉነህ ከጓሮው ጥግ ካለው የፍግ ክምር ላይ በአካፋ እየዛቀ አህያ ይጭናል።

«እታለም!» ብሎ ተጣራ። «ይኼ የትኛው ጋ ይደፋ? ከላይ ነው ከታች?»

«የምኑ?» አለች እህቱ ብቅ ብላ።

«የተዳፋትሽ ነዋ! ዕጣ የሰጠኝ መሬቱን ነው። ያንቺን ድካም አልሰጠኝም። እዚያም ጓሮ እስኪወጣው ከዚህ ትበያለሽ።»

እትዬ ብርቄ ደጃፉ ላይ ቆማ አለቀሰች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ አህያዋን ከፊት ሆና ሳበች።

መመለስ

በማግስቱ ማምሻውን አዲስ አበባ ገባሁ። አለቃዬ የጠየቀኝን ገጽ ጽፌ ሰጠሁ፤ የጨው ነጋዴውን ግን የትኛውም ማብራሪያ ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም። ጉዞው ምን አስተማረሽ ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህንን ነው፤ አዝኜላት ጭራሮዋን ጓሮው ላይ ጥዬላት ቢሆን ኖሮ፣ እህትና ወንድም ያችን አህያ አብረው አይነዷትም ነበር።