የጉማራ ቁልቁለትና የአቶ ካሴ ጂፕ

ከወረታ እስከ ሐሙሲት ባለው መንገድ ላይ ሞተር በጆሮው ብቻ የሚመረምር ሰው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የእኔን ስም የማይጠራላችሁ ትናንት የመጣ እንግዳ ብቻ ነው። መካኒክነት ያስተማረኝ ሰው የለም። ወንዝ ዳር ተጥሎ የዛገ የቤንዚን ውሃ መሳቢያ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ መልሼ ፈትቼ ነው ራሴን ያስተማርኩት። ዛሬ ወገቤ ጎብጧል፤ ጆሮዬ ግን አልጎበጠም። ባጃጅ በደጄ ሲያልፍ ምኑን እንዳመመው አልጋዬ ላይ ሆኜ እናገራለሁ።

ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ብኮራም ያንሰኛል። የምናገረው የተናደደው ማን እንደሆነ እንድታውቁ ነው። ባለፈው ሳምንት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንድ ጎረምሳ ባጃጁን እየገፋ መጣ።

"ምን ሆነችብህ?" አልኩት።

"ከብየዳ ቤቱ ፊት ለፊት ስደርስ ቀጥ አለች፣ አባባ። ባለቤቱ የቀጥቃጭ ዘር ነው አሉ። ዓይን ነው።"

ይህን ሲለኝ ስልኩ እጁ ላይ ነው፤ ዓለም ሁሉ እጁ ላይ ነው። ሻይዬን ጥዬ ተነሣሁ። የነዳጅ ታንኩን ከፍቼ አሳየሁት፤ ጠብታ የለም። ልጁ አፈረ። እኔ ግን ንዴቴ አልበርድ ብሎኝ ዋለ፤ ምክንያቱም ይህን ክስ ጎረምሳ ሳለሁ አንድ ጊዜ ተሟግቼ የረታሁት መስሎኝ ነበር።

ያኔ ሩዝ ገና ፎገራን አልረገጠም። ሜዳው የከብት፣ የጤፍና የጓያ ነበር። ክረምት ጎርፉ መንደሩን ደሴት ያደርገዋል። መስከረም ላይ ውሃው ሲሸሽ ጥቁሩ መሬት የዓሣና የበሰበሰ ሣር ሽታ ይዞ ይቀራል፤ ያ እርጥበት ሳያመልጥ ጓያና ሽምብራ ለመዝራት ሰው ሁሉ ይሯሯጣል። ሩጫው የሚጀምረው ደግሞ ከአያ ንጉሤ ዳስ ነው። አያ ንጉሤ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ የሚያሾል፣ ማጭድ የሚሠራ በዚያ አካባቢ ከእሳቸው ሌላ አልነበረም። ዳሳቸው ከጉማራ ድልድይ ሲወረድ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ መንገድ ዳር ላይ ነበር። ገበሬው ቀን ማረሻውን አስጠግኖ፣ አመስግኖ ይሄዳል፤ ዞር ሲል ቡዳ ናቸው ብሎ ያማቸዋል። ይህ ዛሬም ደሜን ያፈላዋል። በሰውዬው ብረት አርሰህ እየበላህ፣ ሰውዬው ይበላኛል ትላለህ?

አቶ ካሴ የሚባሉ እህል ነጋዴ ደግሞ አሮጌ የቤንዚን ጂፕ ነበራቸው። ጂፗ በዚያ መስከረም ክፉ አመል አወጣች። ድልድዩን ተሻግራ አያ ንጉሤ ዳስ ፊት ስትደርስ፣ ከጭስ ማውጫዋ እንደ ጠመንጃ "ዷ!" ትላለች። መንገዱን ሁሉ ዝም ብላ መጥታ እዚያ ዷ! ሰውም ቡዳው በላት አለ። አንድ ቀን ጥማድ በሬ አስደንብራ ቀንበር ተሰበረ፤ ገበሬውም ከሞት ተረፈ። አቶ ካሴ ጂፗን ወንዛዬ ድረስ ወስደው በፍል ውሃ አሳጠቧት፤ መስተዋቷ ላይም ክታብ አንጠለጠሉ። ሞተር በጸበል ሲድን ያየ ይንገረኝ። በማግሥቱ ዷ! ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ሰብስበው አስፈረዱ፦ የዘሩ ወቅት እንዳለቀ ቀጥቃጩ ዳሱን ነቅሎ ይሂድ ተባለ። ልብ በሉ! ማረሻው ሁሉ ሾሎ እስኪያልቅ ቡዳነቱን ታገሡት ማለት ነው።

ወሬውን ስሰማ ወደ ዳሱ ሄድኩ። አያ ንጉሤ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ወናፍ ይነፋሉ።

"ምነው እንዲህ ተቀመጡ?" አልኳቸው።

"እንዳላያት ነዋ። ስትመጣ ስሰማ ፊቴን አዞራለሁ። ዞሬም ትተኩሳለች፣ ልጄ።"

"ቢያስወጡዎት ወዴት ይሄዳሉ?"

"ወዴት እሄዳለሁ? አንበሳሜ ብሄድ ስሜ ቀድሞኝ ደርሶ ይጠብቀኛል።" መዶሻቸውን አነሡና መልሰው አስቀመጡት። "አንተ ሞተር አውቃለሁ እያልህ ስታወራ እሰማለሁ። እስቲ የእሷን ነገር ንገረኝ። እኔ እንኳ ራሴን መጠርጠር ጀምሬአለሁ።"

ያች የመጨረሻዋ ቃል አጥንቴ ውስጥ ገባች። በቀጥታ የጂፗን ሹፌር ፍለጋ ሄድኩ። አለባቸው ይባላል፤ እኩያዬ ነው።

"ድልድዩን ወርደህ ዳሱ ጋ ስትደርስ እግርህን ከነዳጁ ላይ ታነሣለህ?"

"ታዲያ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ልስጣት? ያባትህ ቤንዚን ነው?"

"ከዚህ እስከ ወረታ ሌላ ቁልቁለት አለ?"

ፎገራ እንደ መዳፍ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ እግር የሚያስነሣ ቁልቁለት ያ ብቻ ነበር። ሜዳው መሃል ወሰደኝ። "አሁን አስሩጣትና እግርህን ድንገት አንሣ" አልኩት። ዷ! በዙሪያችን ከሽመላ በቀር ፍጡር አልነበረም።

"እንግዲህ ሽመላዎቹ ናቸው የበሏት" አልኩት። አለባቸው በሳቅ መሪው ላይ ተደፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤንዚን ሞተር ካንዴላ እሳቱን በሰዓቱ መጫር አለበት። ከዘገየ ነዳጁ ነድዶ ሳይጨርስ ወደ ጭስ ማውጫው ያመልጣል፤ ሹፌሩ እግሩን ሲያነሣ እዚያ የተጠራቀመው ይፈነዳል። ኮፈኑን ከፍቼ እሳት ለካንዴላዎቹ የሚያድለውን ዲስትሪቢውተር ብነካው፣ እንደ እንስራ ክዳን በእጄ ዞረ! ማሰሪያው ላልቶ፣ በመንገዱ ንዝረት እየተንሸራተተ፣ እሳቱን አዘግይቶት ነበር። ሞተሩን በማኖቬላ፣ በእጅ ማስነሻው ብረት፣ ቀስ እያልኩ አዞርኩ፤ የፊተኛው ፒስተን ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ካንዴላው ፍንጥቅ እንዲል አስተካክዬ፣ ማሰሪያውን ጥርሴን ነክሼ አጠበቅሁት። ስንመለስ ጂፗ በዳሱ ፊት እንደ በግ ዝም ብላ አለፈች።

አቶ ካሴ ይህን ሲሰሙ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "አያችሁ? ቀጥቃጩ ፍርዱን ፈርቶ ለቀቃት!"

ያን ዕለት በንዴት እህል አልበላሁም። ጽጌ ጾም ገብቶ ነበር፤ እሑድ ቅዳሴ ወጥተው ሽማግሌዎቹ በአቶ ካሴ ደጅ ሲያልፉ ጂፗን በሩ ላይ አስነሥተን ጠበቅናቸው። አቶ ካሴም ወጡ።

"ቀጥቃጩ አሁን የት ነው ያለው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ቤቱ ነዋ!"

ማሰሪያውን አላልቼ ዲስትሪቢውተሩን ትንሽ አዞርኩት። አለባቸው ነዳጁን ሰጥቶ ለቀቀው። ዷ! የአቶ ካሴ ዶሮዎች አጥር ዘለሉ። መለስኩት፤ ዝም አለች። አዞርኩት፤ ዷ!

"አያ ንጉሤ እዚህ የሉም። ያለነው እኛ ነን" አልኩ። "ማነው የበላት?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ "ካሴ ሙት፣ እኔ ጽጌን እየጾምኩ ነው!" አሉ። ደጁ በሳቅ ፈረሰ።

አቶ ካሴ ፊታቸው ቀልቶ፣ "በቃ፣ ዝጋት" አሉኝ።

"ዳሱ አይነቀልም ይበሉና እዘጋታለሁ።"

አንድ ጊዜ አስተኮስኩላቸው። "አይነቀልም!" ብለው ጮኹ። በማግሥቱ ስሄድ አያ ንጉሤ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መልሰው አገኘኋቸው።

እና ዛሬ፣ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ ነዳጅ የጨረሰ ባጃጅ ይዞ ዓይን ነው የሚለኝ አለ! ወሬ እንደ ሞተር ማሰሪያ ቢኖረው አንድ ጊዜ አጥብቄው እገላገል ነበር፤ የለውም። ስለዚህ የቻልኩትን ልቁጠር። ማንም ሳያስተምረኝ የታመመ ሞተር አድኛለሁ። ተኩስን በጣቴ አዝዤአለሁ። አንድ ባለ ሀብት በገዛ ደጃቸው ቃላቸውን እንዲያጥፉ አድርጌአለሁ። ያን ጎረምሳ ብየዳ ቤቱ ድረስ ወስጄ ይቅርታ አስጠይቄአለሁ። አያ ንጉሤ በዚያው ዳሳቸው አርጅተው እስኪሞቱ ድረስም፣ ሌላው ቤታቸው እህል በማይቀምስበት ዘመን፣ ከእሳቸው ጋር በአንድ ገበታ የዓሣ ወጥ በልቻለሁ፤ ያውም በሩን ወለል አድርገን ከፍተን፣ አላፊ አግዳሚው እያየን።