አልቀዳ ያለው ሲዲ

ባለፈው ሳምንት ቦሌ በሚገኘው ቢሯችን የቤት ፕላን የምሠራበት ፕሮግራም አልከፈት አለኝ። ኮምፒውተሩ ደህና ነው፤ ፕሮግራሙ ግን የምጠቀምበት ቅጂ ሕጋዊ እንዳልሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ደቅኖ እዚያው ቆመ። ኮምፒውተሮቻችንን የሚያይልን ወጣት ተጠርቶ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጽሑፉን አነበበና የቆየ ጓደኛውን እንዳገኘ ሰው ፈገግ አለ።

"አይዞሽ፣ እሰብረዋለሁ" አለኝ።

ወንበሬን ለቅቄለት መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ከታች የቦሌ መንገድ በዝናብ ረጥቦ መኪናው ተጨናንቋል። "መስበር" የሚለውን ቃል በዚህ ትርጉሙ መጀመሪያ የሰማሁት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት በምጠብቅበት ክረምት ነበር። ያንን ክረምት ለማንም አውርቼው አላውቅም። ሲያወሩት ትንሽ ነገር ነው፤ የሞተ ሰው የለበትም፣ የተጣላ ሰውም የለበትም።

በዚያው ዓመት ነው ገርጂ የገባነው። ከዚያ በፊት አራት ኪሎ አካባቢ በቀበሌ ቤት እንኖር ነበር፤ ግቢው የጋራ፣ ቧንቧው የጋራ፣ ግድግዳው የጋራ። ጎረቤት ሲያስነጥሰው "ይማርህ" የምንለው ከአልጋችን ሳንነሳ ነው። አባቴ የአውሮፕላን መካኒክ ነው። ዓረብ አገር ሥራ አግኝቶ ሄደና እሱ በሚልከው ብር ገርጂ ላይ ቤት ተሠራ። ቤቱ አልቆ የገባን ቀን እናቴ የሳሎኑን ግድግዳ በመዳፏ እየዳሰሰች አለቀሰች። እኔም የራሴን ክፍል ሳይ መሬት አልበቃኝ ብሎ ነበር።

ደስታው ሳምንታት እንኳ አልቆየም። አጥራችን ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል። ጎረቤት ማለት የብረት በር ሲከፈትና ሲዘጋ የሚሰማ ድምፅ ብቻ ሆነ። እናቴ ኤርፖርት ውስጥ በፈረቃ ስለምትሠራ ብዙውን ቀን ቤት የምውለው ብቻዬን ነው። አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የቡፌው መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ እኔም መጽሐፌን አስቀምጬ ከየት አገር እንደመጣ እገምታለሁ። የሚመልስልኝ ስለሌለ ሁልጊዜ ልክ ነበርኩ።

ኮምፒውተሩን አባቴ የገዛው "ለትምህርቷ" ብሎ ነው። እናቴ ዳንቴል ሠርታ አልብሳው ሳሎን ጥግ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ነበር። ክረምቱ እንደገባ አንድ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ለዕረፍት ሲመጣ ዕቃ ይዞልን መጣ። ለእናቴ ሽቶ፣ ለእኔ ጫማ፣ ከሥሩ ደግሞ በላስቲክ የታሸገ የካርቶን ሳጥን። ሳጥኑ ላይ በበረዶ በተሸፈነ ተራራ ሥር የሚያልፍ ባቡር ተስሎበታል። ውስጡ አንድ ሲዲና ወፍራም የመመሪያ መጽሐፍ አለ። እኛ የምናውቀው ሲዲ ስሙ በማርከር የተጻፈበትን፣ በስስ ላስቲክ የሚሸጠውን ነበር። ሥዕል ያለበት፣ የራሱ ቤት ያለው ሲዲ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ጌሙ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ጌም ነው። ወንዝና ተራራ ያለበት ሰፊ አገር ይሰጣችኋል፤ ከተሞቹ ትንንሽና የተራራቁ ናቸው። ሐዲድ እያነጠፋችሁ ታገናኟቸዋላችሁ። ባቡር የደረሰበት ከተማ እያደገ ይሄዳል፣ ሲመሽም መብራቱ አንድ በአንድ ይበራል። ባቡር ያልደረሰበት ባለበት ይቀራል። ሰው ጌም የሚጫወተው ጊዜ ለመግደል ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔ የምገድለው ጊዜ አልነበረኝም፤ ጊዜ ራሱ ነበር እኔን የሚገድለኝ። እዚያ ውስጥ ግን ጠዋት የሠራሁት ነገር ከሰዓት በኋላ ፍሬው ይታያል፤ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው በእኔ ሐዲድ ወደ ዘመዶቹ ይሄዳል። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም።

ጀማል ወደ ቤታችን የመጣው እንዲያ ባለ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የጀማል ቤተሰቦች ከእኛ በር ፊት ለፊት ሱቅ ነበራቸው፤ እሱ በዕድሜ ከእኔ እኩያ ነው። እናቴ ያዘዘችውን ዘይት ይዞ ገባና ሳሎኑ በር ላይ ስክሪኑን እንዳየ ዘይቱን መሬት አስቀመጠ። ሱቃቸው ውስጥ እሱን የሚጠብቀው ሰው እንዳለ የረሳ ይመስለኛል። በማግስቱ ፊልሞንን ይዞ መጣ። ፊልሞን ከጀርባችን ያለው ግቢ ውስጥ የሚኖር፣ ወላጆቹ ከመቀሌ የመጡ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ጌሙን ብዙ ሰው ሆኖ በአንድ ኮምፒውተር በየተራ መጫወት እንደሚቻል ከመመሪያው መጽሐፍ አንብቦ ያገኘው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ልጆች መጡ።

የዚያን ክረምት የከሰዓት በኋላ ውሎዎች አሁንም በአፍንጫዬ አውቃቸዋለሁ። በረንዳው ላይ ጭቃ የጠጣ ጫማ ተደርድሯል። ጀማል ከሱቃቸው ቆሎ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣል፤ እኔ ከሰል አቀጣጥዬ የበቆሎ እሸት እጠብሳለሁ፤ እጃችን ጥላሸት ስለሚሆን ማውሱን ለመያዝ ተራው የደረሰ ሰው እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ጀማል ሐዲዱን ዝም ብሎ ወደፊት ይዘረጋዋል፤ ፊልሞን ደግሞ አንዲት ድልድይ ለመሥራት ግማሽ ቀን ያስባል። በመሃል መብራት ይጠፋል። ያን ጊዜ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲደበድብ እየሰማን፣ ጥቁሩን ስክሪን እያየን ወሬ እናወራለን። እውነቱን ለመናገር እኔ የምወደው መብራት የጠፋበትን ሰዓት ነበር።

እናቴ መጀመሪያ ቀን ከሥራ ስትመለስ ያን ሁሉ የወንድ ልጅ ጫማ አይታ ደንግጣ ነበር። ገብታ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን። ልጆቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው "እንደምን አመሹ እትዬ" አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ሥራ ስትሄድ ከወትሮው በዛ ያለ ዳቦ ገዝታ ትተውልኝ ነበር።

ልጆቹ ሲዲው እንዲቀዳላቸው መፈለጋቸው የሚጠበቅ ነው። ያን ጊዜ የማይቀዳ ነገር አልነበረም፤ ዘፈኑ፣ ፊልሙ፣ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ራሱ የተቀዳ ነው። ስርቆት ነው ብሎ ያሰበም አልነበረም። አደባባዩ ጋ ቢኒያም የሚባል ወጣት የሲዲ መቅጃና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ነበረው፤ ቢኒ ነበር የምንለው። ጀማልና እኔ ሲዲውን ይዘንለት ሄድን። ቀዳው። ቅጂውን ከፍቶ ሲሞክረው ጌሙ "ዋናውን ሲዲ ያስገቡ" ብሎ ቆመ። በሌላ ሲዲ ሞከረ፤ ያው ነው። ዘዴ ቀይሮ ሞከረ፤ ያው ነው። ቢኒ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሲዲውን እያገላበጠ ተመለከተው።

"ፈረንጆቹ ቆልፈውታል" አለ።

ጀማል አዘነ። እኔም ያዘንኩ መሰልኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ሲዲውን ሹራቤ ውስጥ ሸጉጬ፣ ዝናብ እየመታኝ፣ የልብሴ መበስበስ አልታወቀኝም።

ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ቢኒ መላ አገኘ። ቁልፉን የሚሰብር ትንሽ ፕሮግራም ያለው ጓደኛ እንዳለው፣ ሲዲው ለጥቂት ቀን እሱ ጋ ቢያድር ጌሙ ያለ ሲዲ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ እንደሚያደርገው ለጀማል ነገረው። ጀማልም ለእኔ ነገረኝ። ሌሎቹ ልጆች ፊቴን ያዩኝ ነበር። ፊልሞን ብቻ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ነገ እነግራችኋለሁ አልኳቸው።

ማታ እራት ላይ ለእናቴ ነገርኳት። ሲዲውን ከሰጠሁ ልጆቹ ከዚያ በኋላ ለምን ይመጣሉ ብዬ ጠየቅኳት። እናቴ የፈረቃ ሥራ ያደከመውን ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

"ማሂዬ፣ የሚመጡት ለሲዲው ከሆነ ቆልፈሽም አታቆያቸውም" አለችኝ። "ስጫቸው። ከዚያ ማን እንደሚመጣ ታያለሽ።"

ሰጠኋቸው። እንቢ ብል ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ምናልባት አንድ ሁለት ሳምንት ይቆዩ ነበር፤ ከዚያ ስስታም ይሉኝ ነበር። እናቴ ልክ ነበረች። ልክ መሆኗ ግን አልጠቀመኝም።

ጀማል ሲዲውን የመለሰልኝ ፀሐይ ብቅ ባለችበት ቀን ነው። በሩ ላይ ቆሞ "ተሰበረ" አለኝ፤ ፊቱ በደስታ በርቷል። ግባ አልኩት። ቢኒ እየጠበቀው እንደሆነ ነገረኝና ጫማውን ሳያወልቅ ተመልሶ ሮጠ።

ቢኒ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል አጽድቶ ኮምፒውተሮች ደርድሮባት ነበር። ጌሙን ሁሉም ላይ ጫነና እያስከፈለ ያጫውት ጀመር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚያ ገባ። እናቴ ጌም ቤት የሴት ልጅ ቦታ እንዳልሆነ በግልጽ ነገረችኝ፤ የሰፈሩ ሰውም እንዲሁ ነበር የሚያስበው። እኔ ለብዙ ቀን ከሰዓት ሲሆን ከሰል አቀጣጥዬ ጠበቅኩ። እሸቱን ብቻዬን በላሁት።

በዚያው ሰሞን አባቴ ደወለ። ሲዲውን ወደድሽው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። "ተሰበረ" አልኩት። መስመሩ ጥሩ አልነበረም፤ እሱም የገባው ሌላ ነው። "አይዞሽ፣ ሌላ እልክልሻለሁ" አለኝ። አላረምኩትም። ሌላው ሲዲ አልመጣም፤ አባቴም መምጣቱን እያራራቀ ሄዶ ከጊዜ በኋላ በስልክ ብቻ የምናውቀው ሰው ሆነ።

አንድ ቀን ግን እናቴን ሳላስፈቅድ ቢኒ ጋ ሄድኩ። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ የእርጥብ ጃኬትና የጄኔሬተር ነዳጅ ሽታ ተቀበለኝ። ልጆቹ በየኮምፒውተሩ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣበዋል። ስክሪኖቹ ላይ የእኔ ተራሮች፣ የእኔ ወንዞች አሉ። ጀማል ጀርባውን ሰጥቶኝ ይጮሃል። ከበሩ አጠገብ የነበሩ የማላውቃቸው ልጆች ዞረው አዩኝና እርስ በርስ ተያዩ። ቢኒ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወደ እኔ መጥቶ በትሕትና "ምን ልርዳሽ የኔ እህት?" አለኝ። ባዶ ሲዲ አለህ ወይ አልኩት። ሰጠኝ። ይዤው ወጣሁ።

መስከረም ሊጠባ ሲል የበራችን ደወል ተደወለ። በጭቃው ላይ እየሮጥኩ ሄጄ ከፈትኩ። ፊልሞን ነው። አንገቱን ደፍቶ የመመሪያውን መጽሐፍ እንዳውሰው ጠየቀኝ። ሰፊው ወንዝ ላይ የሚሠራው ድልድይ አልሆን ብሏቸዋል፤ ቢኒ ጌሙን ሰበረው እንጂ መጽሐፉ የለውም።

"እዚሁ ብታነበውስ?" አልኩት።

ትንሽ አመነታና ገባ። ሻይ አፈላሁለት። ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ገጾቹን ቀስ እያለ ገለጠ፤ እኔም ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። አውሮፕላን አለፈ፣ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። "ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። ድልድዩን ሲያገኘው መጽሐፉን ዘግቶ፣ ሻዩን ጨርሶ፣ አመስግኖኝ ሄደ። ትምህርት ሲከፈት ቤተሰቦቹ ሰፈር ቀየሩ።

ጀማልን ከጥቂት ዓመታት በፊት አገኘሁት። ቦሌ ላይ የስልክ ሱቅ አለው፤ ትንሽ ወፍሯል፣ ሳቁ ግን ያው ነው። ሳየው በጣም ደስ አለኝ፤ እሱም ሠራተኞቹን ትቶ ማኪያቶ ጋበዘኝ። ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያ ክረምት ላይ ደረሰ። በሕይወቱ እንደዚያ ክረምት ተደስቶ እንደማያውቅ ነገረኝ።

"ቢኒ ቤት ትዝ ይልሻል?" አለኝ። "እኔ አለሁ፣ ፊልሞን አለ፣ አንቺ ጥጉ ላይ ትቀመጫለሽ። እሸት እየበላን።"

ዓይኖቹን አየኋቸው። እያሾፈ አልነበረም። ከልቡ እንደዚያ ነው የሚያስታውሰው፤ የእኛን ሳሎን ከነእሸቱ አንሥቶ ቢኒ ጋ ወስዶት፣ እኔንም እዚያ ወንበር ሰጥቶኛል።

"አዎ" አልኩት። "ጥጉ ላይ።"

ወጣቱ ሥራውን ጨርሶ ጠራኝ። ፕሮግራሙ ተከፍቷል። አመስግኜው ተቀመጥኩ። በቢኒ ላይ ቂም የለኝም። ያን ጊዜ ኦርጅናል ጌም ልግዛ የሚል ቢኖር እንኳ የሚሸጥበትን ሱቅ አላውቅም፤ እሱ ባይሰብረው የሰፈራችን ልጅ ሁሉ በእኛ ሳሎን በር ላይ ዘይት ይዞ ቆሞ ይቀር ነበር። ቁልፉን የሠሩትም ሰዎች የሠሩት ንብረታቸውን ለመጠበቅ ነው። አንዲት የማያውቋት ልጅ በእነሱ ቁልፍ ምክንያት አብዛኛውን ክረምት ቤቷ በሰው ተሞልቶ እንደዋለ ቢነግሯቸው ምን ይሉ ይሆን?

የገርጂውን ቤት እናቴ ካረፈች በኋላ ሸጥኩት። አሁን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። ወጣቱ ፕሮግራሙን የሰበረልኝ ቀን አመሻሽ ላይ ከመገናኛ ሚኒባስ ተሳፈርኩና መንገዱ ሲዘጋጋ ስልኬን አውጥቼ ጌም መጫወት ጀመርኩ። አጠገቤ ጎመን በፌስታል ይዛ የተቀመጠች ሴት ነበረች። እያየችኝ እንደሆነ ታወቀኝ። ስልኩን ትንሽ ወደ እሷ አዘነበልኩት። ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ በጣቷ እያሳየች "በዚህ በኩል ቢሆን አይሻልም?" አለችኝ። እንዳለችው አደረግኩ፤ ተሳካ። ሁለታችንም አልተያየንም፤ ግን ፈገግ ማለቷን አውቄያለሁ። ኮተቤ ስንደርስ "ወራጅ" ብላ ፌስታሏን ሰብስባ ወረደች።

ሌላ ተሳፋሪ መጥቶ እስኪቀመጥ ድረስ ስልኩን ወደ ባዶው ወንበር እንዳዘነበልኩ ቆየሁ።