የማንሶክ ጆሮ

ማንሶክ የደሴቷ ጆሮ ነበር። ከሞክፖ ወደብ በመርከብ ሦስት ሰዓት በምትርቀው በዚያች ደሴት፣ አሮጌ የጀልባ ሞተር ሊገዛ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሱን በር ነው። ማንሶክ ሞተሩን ውኃ በተሞላ በርሜል ላይ ያስነሳል። ከዚያ የካቻቢቴውን ጫፍ ከሞተሩ ጎን፣ እጀታውን ከጆሮው ጀርባ ካለው አጥንት ላይ አስደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። «ግዛው» ካለ ይገዛል፤ «ተወው» ካለ ሻጩ ቢምል ቢገዘት ሰሚ የለውም። ዋጋው የደረቀ ዓሣና አንድ ጠርሙስ የሶጁ አረቄ ነው። አርባ ዓመት እንዲህ ኖረ።

አርባ ዓመት ሞተር የጮኸበት ጆሮ ግን ይደክማል። መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ጠፋው፣ ቀጥሎ የማንቆርቆሪያው ፉጨት። ለማንም አልተነፈሰም። ሰው ሲያናግረው ከንፈሩን እያየ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሲስቁ አብሮ ይስቃል። ኩራት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ሰው ሁሉ የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ እሱን ካጣ ምን ይቀረዋል?

ከሦስት ዓመት በፊት ወዳጁ ዳልጉን ሞተር አስመረመረው። ማንሶክ ምንም አልሰማም፤ «ግዛው» አለ። በአምስተኛው ወር ሞተሩ ውኃው ክፉኛ ከሚሽከረከርበት ቦታ ላይ ቀጥ አለ። ጀልባዋ ተገኘች፤ ዳልጉን ግን እስከ ዛሬ የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ሞተሩን የፈታው ማንሶክ ራሱ ነው። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ደቋል፤ ደህና ጆሮ ያለው ሰው ገና ሲገዛ ማንኳኳቱን በሰማ ነበር። «ጨው ነው የበላው» አላቸው። አመኑት። ከዚያ ወዲህ ሞተር እይልን ሲሉት ወገቤን ያመኛል እያለ ይሸሻል።

አንድ ጠዋት የዳልጉን ሚስት፣ የልጁ የኡንጁ እናት ጆምሱን፣ መጣች። የባሕር ቅጠል ከምታበቅልበት ቦታ የሚያደርሳት ሞተር ያስፈልጋታል።

«ጋሼ፣ ወገቤን ብትለኝ አዝዬህ እሄዳለሁ። ተነስ!»

ለእሷ እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም፤ ካቻቢቴውን ይዞ ተከተላት።

ሻጩ ጊቺል ምላሱ ከሞተሩ የሚፈጥን ሰው ነው። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ሞተር አይደለም፣ ሙሽራ ነው! ስምንት መቶ ሺ ዎን ለሙሽራ ምን አላት?»

«ሙሽራማ ይሄን ያህል አትዝግም» አለች ጆምሱን።

ማንሶክ ሞተሩን በመዳፉ ዳሰሰው። ቀዝቃዛ ነው፤ ቶሎ እንዲነሳ አስቀድመው አላሞቁትም። ካንዴላውን ፈታ፣ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ደፍኖ ገመዱን ሲስብ ግፊቱ ጣቱን መለሰው። ከታች የወረደው ዘይትም ውኃ ገብቶት ወተት አልመሰለም። እጅ የሚያውቀው ሁሉ ደህና ነው። የቀረው ኩሽኔታው ነበር፣ እሱ ደግሞ የጆሮ ሥራ ነው።

ሞተሩ በርሜሉ ላይ ተነሳ። ማንሶክ ካቻቢቴውን አጥንቱ ላይ አደረገና ዓይኑን ጨፈነ። መንቀጥቀጡ ይሰማዋል፣ ድምፅ ግን የለም። «ግዢው» ማለት አንድ ቃል ነው፤ ዳልጉንን የበላውም ያው ቃል ነው። ነገ ይቺ ሴት በዚያው ውኃ ላይ ብቻዋን ናት። ዓይኑን ሲገልጥ ጆምሱን ሞተሩን ትታ እሱን ታያለች።

«አጥፋው» አለው ጊቺልን። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «የኡንጁ እናት፣ አልሰማም። ጆሮዬ ሄዷል። የዳልጉንም ጊዜ አልሰማሁም። ጨው አልነበረም፣ ኩሽኔታው ነበር። እያወቅሁ ዋሸሁሽ።»

ጊቺል እጁን ከሞተሩ ላይ አነሳ። «ሞተሩን ከማዶ መካኒክ አምጥቼ አሳየዋለሁ፤ እሱ ደህና ነው ካለሽ ትገዢያለሽ» አለ ቀስ ብሎ። ጆምሱን ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ጉንጯ ሲነቃነቅ ማንሶክ ከጎን አየ። አንድ ነገር ተናገረች መሰለው፤ ከንፈሯን ግን ማየት አልቻለም። እንደ ልማዱ ራሱን ሊነቀንቅ አለና ተወው።

«አልሰማሁሽም፤ ድገሚልኝ» አላት።

ተመልሳ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል። እንዲያነበው እያንዳንዱን ቃል ረገጥ አድርጋ ተናገረች።

«ዳልጉን ያውቅ ነበር፣ ጋሼ። ጆሮህ መሄዱን ያውቅ ነበር። ሞተሩን ሌላ ሰው ጋ ብወስደው ጋሼ ይከፋዋል ብሎ ነው አንተ ጋ ያመጣው። እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ።»