አልጋ ወራሹ ወንድሜ

የጠፍር አልጋ ክረምት ላይ እርጥበት ሲያገኘው የሚሸተው የቆዳ ሽታ ከሚሴ ገበያ ውስጥ ሳልፍ ድንገት ከሸተተኝ፣ ያደግሁበት ቤት ፊቴ ላይ ይደቀናል።

አባቴ በየሳምንቱ ሰንበቴ ገበያ ፍየል ሸጦ ሲመለስ፣ አራት ዓመት ያልሞላውን ወንድሜን ሰይድን ብድግ አድርጎ «አልጋ ወራሼ!» እያለ ይስመው ነበር። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ውስጥ የነበረው አልጋ አንድ ብቻ፣ እሱም የአባቴ ስለነበር፣ ሰይድ መቼ እንደሚወስደው፣ አባቴስ ያኔ የት እንደሚተኛ ግራ ይገባኝ ነበር።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲጀመር መምህራችን «አልጋ ወራሽ ማለት ንጉሡ ሲሞት የሚተካው ልጅ ነው» አሉን። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው «ሲሞት» የምትለዋ ብቻ ነበረች።

በጥቅምት አባቴን ወባ ጣለው። ሊጠይቁት ከመጡት መሀል አጎቴ ሰይድን አንስቶ አልጋው ላይ አባቴ አጠገብ አስቀመጠና እናቴን «አብሽሪ፣ አልጋ ወራሹ አለ» አላት። ሰዎቹ ለሶላት ሲወጡ ሮጬ ሄጄ ሰይድን እግሩን ይዤ ጎተትኩት። በግንባሩ መሬት ላይ ወደቀና ደሙ ፈሰሰ።

አባቴ እየተንቀጠቀጠ ተነሥቶ የሰይድን ደም እየጠረገ «ምን ነካሽ፣ ልጄ?» አለኝ።

«አልጋህን ሊወስድብህ ነው! አንተ ልትሞት ነው!»

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «አልጋ ማለት እኮ እዚህ ላይ ዙፋን ነው። እኛ ምን ዙፋን አለን? ሳቆላምጠው ነው እንጂ።»

«እኔስ? እኔ የምን ወራሽ ነኝ?»

ሳቁ ቆመ። ራሴን ዳበስ አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በጋ ላይ አልሐምዱሊላህ ድኖ ወደ ሰንበቴ መውጣት ጀመረ፤ ሲመለስ ግን ወንድሜን «ሰይድ» ብቻ ብሎ ይጠራው ነበር። ሰይድ «ለምን እንደ ድሮው አይጠራኝም?» እያለ ሲያለቅስ፣ ጥፋቱ የእኔ ይሁን አይሁን ሳይገባኝ አብሬው አለቅስ ነበር።

ዛሬ እኔም አስተማሪ ሆኛለሁ፤ ልጆች የ«አልጋ ወራሽ»ን ትርጉም ሲጠይቁኝ ባንድ ዓረፍተ ነገር እመልሳለሁ። አባቴ በሕይወት አለ፤ አርብ አርብ ልጠይቀው ስሄድ፣ ያን ቀን ለምን ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ልጠይቀው እልና የሻዩን ስኳር አማስዬለት እወጣለሁ። ያኔ በሰባት ዓመቴ ግን «እኔስ?» ብዬ አፍ አውጥቼ ጠይቄው ነበር።