ንግግሩን ለሰንበቴ ማድረስ

ሰሞኑን መሪው ምክር ቤት ቀርበው ስለ አገር ውስጥና ስለ ውጭ ጉዳይ ሲናገሩ ውለው ነበር። እኔ የሰማሁት ቢሮ ውስጥ ነው፤ ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ስልኳን ከፍታ፣ ያውም ተቆራርጦ። አንዷ ቁራጭ ስለ ጎረቤት አገር፣ አንዷ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ከመሀል ደግሞ አንድ ሰው እያጨበጨበ ሳሙና ያስተዋውቃል። «ኧረ ወይ ዝጊው ወይ ሙሉውን ስሚው!» አልኳት። ደንግጣ ዘጋችው። ምስኪን፣ እሷ ምን አደረገች? እኔ አባቴ ናፍቀውኝ ነው።

አባቴ ደብረ ታቦር ውስጥ ኅብረተሰብ ሲያስተምሩ ያረጁ መምህር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ማንም ያልሾማቸው ሌላ ሥራ ያዙ። ሰንበቴያቸው ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ከከተማው ዳርና ከጉና ተራራ ግርጌ የሚመጡ። መሪው ንግግር ባደረጉበት ሳምንት፣ እሁድ ቅዳሴ አልቆ ዳቦው ተባርኮ ጠላው ሲቀዳ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ አባቴ ያዞራል። «እስቲ መምህር፣ የሰማ ላልሰማ ያሰማ» ይሏቸዋል። አባቴም ጋቢያቸውን አስተካክለው ይነሱና ያን ግማሽ ቀን የፈጀ ንግግር ጠላው ሳይሞቅ ያደርሱታል።

ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከውጭ ጉዳይ ነው። ለምን ሲባሉ «እንግዳ ይቀድማል» ይላሉ። ጎረቤቶቻችን፣ ወንዙ፣ ብድሩ፣ ማን ከማን ታረቀ፣ ማን ማንን አኮረፈ። እሱ ሲያልቅ «አሁን ወደ ጓዳችን እንግባ» ብለው ማዳበሪያውን፣ የኑሮ ውድነቱን፣ ሰላሙን፣ መንገዱን ይቀጥላሉ። ሰው ለውጭው ጉዳይ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፤ ለጓዳው ግን አንገቱን ያሰግጋል።

አንድ የማይሽሩት ሕግ ነበራቸው፤ ያልተባለ አይጨምሩም፣ የተባለ አያጎድሉም። ንግግሩ ደስ ባይላቸውም እንደተባለው ያደርሱታል። የራሳቸውን ሐሳብ የጠየቃቸው ሰው «የኔ ከጠላው በኋላ» ይባላል። መሪ ሲቀየርም ይኸው ሕግ አልተቀየረም። በዚህ የተነሳ በድንበርም ሆነ በእድር ነገር የሚጣሏቸው ሰዎች እንኳ፣ እሳቸው «ተባለ» ካሉ ተብሏል ብለው ነበር የሚወስዱት። አባቴ ከዚህ ሌላ ሀብት አልነበራቸውም ብል አልዋሸሁም።

የሚፈታተኗቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ከጉና መውጫ በኩል ድንችና ገብስ የሚያርሱ እኩያቸው። እኒህ ሰውዬ ንግግሩ መሀል ላይ ሳያቋርጡ አይሆንላቸውም።

«ይኸን እውነት ብለውታል? ወይስ አንተ ነህ ያሳመርክልን?»

«አንተ ድንችህን ኮትኩት» ይላሉ አባቴ። «እኔ ያልተባለ ማውራት የጀመርኩ ለት አፈር ያልብሱኝ።»

ሰንበቴው ይስቃል። ሁለቱም ይህቺን ጠብ ይወዷት ነበር፤ ባትኖር ጠላው የሚጣፍጣቸው አይመስለኝም።

እቤት ውስጥ ግን፣ ውይ፣ የንግግሩ ቀን እኔ ነበርኩ የምቀጣው። እናቴ ካረፈች በኋላ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አባቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፤ መብራት ከጠፋም ባትሪ ድንጋይ የሚበላውን ሬዲዮናቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዳዊት እንደሚያጠና ተማሪ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ድስት ላንኳኳ? ማን ፈቅዶልኝ! በር ላይ ጎረቤት ቢጣራ እንኳ በጣታቸው ዝም እንድል ይጠቁሙኛል። እኔም አፌ አያርፍም፣ «አባየ፣ ምክር ቤት የተጠሩት እርስዎ ነዎት እንዴ?» እላቸዋለሁ። ያኔ ያበሳጨኝ ነበር። ዛሬ ያ ጣት አንድ ጊዜ ተነስቶ ዝም ቢያሰኘኝ ምን ባልሰጠሁ።

መርሳት የጀመሩት ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ መነጽራቸውን፣ ከዚያ የሰው ስም፣ ከዚያ እናቴ ማረፏን። አንድ ማለዳ «እናትሽ ገበያ ቆየች» አሉኝና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሰንበቴ ላይ ግን ገና አልታወቀባቸውም፤ ከጎናቸው ሆኜ ሲደናቀፉ ቃሉን በሹክሹክታ አቀብላቸው ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የኔ ስጋት ይኸው ነበር፤ የዕድሜ ልክ ታማኝነታቸው በአንድ እሁድ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ከአፋቸው አምልጦ እንዳይቀር። ደግሞ እኒያ የድንች ገበሬ አሉ፤ ይኸን ቀን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቁ የኖሩ ነበር የሚመስለኝ።

የመጨረሻው ንግግር የተደረገው አገሩ በተረበሸበት ሰሞን ነው። መንገድ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ወደ አንበሳሜ ገበያ የሚወጣ ሰው ተሰናብቶ ነው የሚወጣው። የድንች ገበሬው ይፋግ ከተማ የተዳረች ልጃቸው ወልዳ፣ የልጅ ልጃቸውን ሳያዩ ክረምቱ አልፎ ነበር። ንግግሩን ከአባቴ ጋር እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ስለ ውጭው ብዙ ተባለ። ስለኛ መንገድ ግን አንድም ቃል አልተነሳ።

እሁድ ጠዋት ነጠላዬን እያጣፋሁ «አባየ፣ ዛሬ ይቅርብዎት፤ ብርዱ ከባድ ነው» አልኳቸው።

«ምነው፣ ሞትኩ እንዴ?» አሉኝ። ከዘራቸውን አንስተው ቀድመውኝ ወጡ።

ሰንበቴው ላይ ተነስተው ቆሙ። እንግዳውን አስቀደሙ፤ ጎረቤቶቻችንን፣ ወንዙን፣ ብድሩን አንዱን ካንዱ ሳያምታቱ አደረሱት። ልቤ ትንሽ አረፈ። «አሁን ወደ ጓዳችን እንግባ» አሉና ተደናቀፉ። ቃሉን ላቀብል ጠጋ ስል በእጃቸው ገፋ አደረጉኝ፤ ከዚያ በዚያው በለመድነው ድምፃቸው ቀጠሉ።

«እርቅ ወርዷል አሉ። ጥይት የሚባል ከእንግዲህ አይሰማም አሉ። ልጆቻችሁ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ አሉ። ማዳበሪያውም ከዝናቡ ቀድሞ ይገባል አሉ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ዛሬ ገበሬው ሁሉ ሬዲዮ አለው፤ ልጁ ስልክ ይዟል። እዚያ ከተቀመጠው ሰው እኩሌታው ንግግሩን በጆሮው ሰምቷል፤ ይህ እንዳልተባለ ያውቃል። ዋንጫ ያነሳ ሁሉ እንደያዘው ቀረ። እኔ የማየው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የድንች ገበሬው ዋንጫቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና ራሳቸውን ቀና አደረጉ። አለቀልን አልኩ በሆዴ።

«መምህር» አሉ።

«አቤት» አሉ አባቴ።

«ስለ መንገዱስ ምን አሉ?»

አባቴ ግንባራቸውን አሸት አሸት አደረጉ። «መንገዱም ተከፍቷል አሉ» ብለው መለሱ። «ከዚህ እስከ ይፋግ ማንም ማንንም ሳይፈራ ይሄዳል አሉ።»

«አሜን» አሉ ዳቦውን የባረኩት ቄስ። ከዚያ አንዲት እናት «አሜን» አሉ፤ ከዚያ ሁሉም። አባቴ ሥራቸውን እንደጨረሰ ሰው ተደላድለው ተቀመጡ፤ ጠላቸውን ጠጡ።

ወደ ቤት ስንመለስ የድንች ገበሬው እስከ መንገዱ መለያያ አብረውን ሄዱ። አባቴ ከፊታችን ሆነው ያገኙትን ሁሉ ሰላም እያሉ ይራመዳሉ። እኔ ወደ ገበሬው ጠጋ አልኩና «እግዜር ይስጥልኝ፤ አባቴን በሰው ፊት ሸፈኑልኝ» አልኳቸው።

ቆም አሉ። የተቆጡ መሰሉ።

«ምን ሸፈንኩልሽ?» አሉኝ። «ለሱ ብዬ የጠየቅሁት እንዳይመስልሽ፣ ልጄ። አንድ ሰው እንዲያ ሲል መስማት ፈልጌ ነው።»